ዋት ሲጨምር ምን አብሮ ይጨምራል? ከጀማሪ ቬፕ ወደ ትልቁ መሸጋገር

ትልቅ ቬፕ (ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚገዛው ትንሿ ስላስቸገረችው ነው። ባትሪዋ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ያልቃል፣ ጣዕሟ በሳምንቱ ይጠፋል፣ ወይም ሲጋራ ይሰጠው የነበረውን እርካታ አልሰጥ ብላው ማታ ማታ ወደ ፓኮው ይመለሳል። ሱቅ ሲሄድ ሻጩ ባለ ሁለት ባትሪ፣ 200 ዋት የተጻፈበት መሣሪያ ያወርድለታል። ቤቱ ገብቶ በትንሿ ሲጠቀምበት የነበረውን በአንድ ሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ግራም ኒኮቲን ያለበትን ፈሳሽ ይሞላበትና ሁለት ሦስት ጊዜ በረጅሙ ይስባል። ትንሽ ቆይቶ ራስ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ሲብስም ማስታወክ ይመጣል። መሣሪያው ምንም አልሆነም። ዋቱ ሲጨምር ፈሳሹም፣ ባትሪውም፣ አሳሳቡም አብሮ መለወጥ እንዳለበት የነገረው ሰው ስላልነበረ ነው።

ይህ የተጻፈው ሲጋራን በቬፕ ለተኩ አዋቂዎች ነው። ኒኮቲን ሱስ ያስይዛል፤ ጨርሶ የማያጨስ ሰው ከዚህ ሁሉ ምንም የሚፈልገው ነገር የለም። ኢትዮጵያ ውስጥ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ማምረት፣ ማስገባት፣ ማከፋፈልና መሸጥ ስለሚከለክል፣ ነገሩ በዋናነት የሚመለከተው በአሜሪካ፣ በአውሮፓ፣ በእስራኤል ወይም በዱባይ የሚኖረውን ወገን ነው። ወደ አገር ቤት ለሚሄድ ሰው የሚሆነውን ወደ መጨረሻው እናነሳዋለን።

መጀመሪያ ትንሿን መርምሩ

ቅሬታው ሁሉ የጉልበት ማነስ አይደለም። ጣዕሙ የጠፋው ኮይሉ፣ ማለትም በጥጥ የታጀበው ፈሳሹን የሚያሞቀው ሽቦ፣ ስላረጀ ከሆነ መፍትሔው አዲስ ኮይል ወይም አዲስ ፖድ (ኮይሉና ፈሳሹ አብረው ያሉበት ትንሽ ማስቀመጫ) ነው። ጣፋጭ የበዛበት ፈሳሽ ኮይል ላይ ጥቁር ቅርፊት እየጋገረ በጥቂት ቀን ይገድለዋል፤ ይኸው ፈሳሽ በትልቁ መሣሪያ ሲሞላ ደግሞ ይበልጥ ፈጥኖ ይገድላል። ጉሮሮ የሚከረክረው ኒኮቲኑ ስለበዛ ሊሆን ይችላል። ሲጋራው የሚያምረው ደግሞ ኒኮቲኑ ስላነሰ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ከ6 ሚሊ ግራም ወደ 12 ከፍ ማለት አዲስ ዕቃ ከመግዛት ይረክሳል። ይህን ሁሉ አይታችሁ አሁንም ባትሪው ካልበቃችሁ፣ ወይም ሰፋ ያለ አየርና ሞቅ ያለ እንፋሎት ከፈለጋችሁ፣ ያን ጊዜ መሸጋገሩ ትርጉም አለው።

ቮልቱ ያው፣ አምፒሩ ዘጠኝ እጥፍ

የጀማሪዋ ብዕር መሳይ ቬፕ ኮይል ብዙውን ጊዜ 1.8 ኦም አካባቢ ነው፤ ኦም ሽቦው ኤሌክትሪኩን ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚለካበት ነው። ባትሪው 3.7 ቮልት ሲሰጥ አምፒሩ ቮልት ሲካፈል ለኦም ነው፤ 2 አምፒር ገደማ። ዋቱ 7.6 ይሆናል። አሁን ያንኑ 3.7 ቮልት 0.2 ኦም ኮይል ላይ አድርጉት። አምፒሩ ወደ 18.5 ዘለለ፤ ዋቱ 68 ደረሰ። ቮልቱ አልተነካም፤ ኦሙ ብቻ ነው የወረደው። ስለዚህ ወደ ትልቅ መሣሪያ መሸጋገር ማለት ከባትሪ ላይ እጅግ ብዙ አምፒር መጠየቅ ማለት ነው። የአደጋውም ምንጭ እዚህ ጋ ነው፤ ብዙው ሰው የሚያየው ግን ስክሪኑ ላይ ያለውን ዋት ብቻ ነው።

አሳሳቡም ይለወጣል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው መጀመሪያ አፉ ውስጥ ይሰበስብና ቀጥሎ ወደ ሳንባው ያወርደዋል፤ አየሩ ጠበብ ማለት አለበት። ትልቁ ታንክ (ፈሳሹ የሚሞላበት፣ ኮይሉ የሚገጠምበት ክፍል) የሚፈልገው ግን እንደ ሺሻ በቀጥታ ወደ ሳንባ መሳብን ነው። ባለ 70 ዋት ኮይል ላይ አየሩን አጥብቦ እንደ ሲጋራ ቀስ ብሎ የሚስብ ሰው ከንፈሩ ይቃጠላል፤ ኮይሉን የሚያቀዘቅዘው አየር ስለሌለ ታንኩም ይግላል። ከሲጋራ በቅርቡ ለወጣ ሰው ይህ አሳሳብ ባዕድ ነው። ብዙዎችም 200 ዋቱን ገዝተው መሳቢያ ውስጥ የሚያስቀምጡት በዚሁ ምክንያት ነው።

ለዚህ ነው ለአብዛኛው ሰው መካከለኛው ይበቃል የምንለው። ከ25 እስከ 40 ዋት የሚሰጥ፣ ኮይሉ የሚቀየር፣ ባትሪው ከ1,500 እስከ 2,500 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሆነ፣ አየሩ በቀለበት የሚጠብና የሚላላ መሣሪያ። 1.0 ኦም ኮይል ስታስገቡበት ከ12 እስከ 15 ዋት ላይ እንደ ሲጋራ ይሳባል፤ 0.6 ወይም 0.4 ስታስገቡበት ከ20 እስከ 30 ዋት ላይ ወደ ሳንባ መሳብን ያለማምዳል። ሁለቱንም ሞክሮ የትኛው እንደሚስማማው ያወቀ ሰው ነው ስለ ባለ ሁለት ባትሪው ማሰብ ያለበት።

አንድ ዓይነት መሣሪያ ግን ከነጭራሹ አትንኩ፦ ሜካኒካል ሞድ። ውስጡ ምንም መቆጣጠሪያ ሰርኪት የሌለው፣ ቁልፉ ሲጫን ባትሪውንና ኮይሉን በቀጥታ የሚያገናኝ የብረት ቱቦ ነው። ሙሉ የተሞላ ባትሪ 4.2 ቮልት ስለሆነ 0.15 ኦም ኮይል ላይ 28 አምፒር ይጎትታል፤ ብዙ ባትሪ ይህን አይችልም። ሾርት ቢያደርግም የሚያስቆመው ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ፍሎሪዳ ውስጥ አንድ ሰው እንዲህ ያለ መሣሪያ ፈንድቶበት ሕይወቱ አልፏል። «ለጭስ አሪፍ ነው» የሚል ሻጭ ሲያጋጥማችሁ አመስግናችሁ ውጡ።

ፈሳሹን ካልቀየራችሁ አትጀምሩ

ፈሳሹ በዋናነት ሁለት ነገር ነው፦ ቀጭኑ ፕሮፒሊን ግላይኮልና ወፍራሙ ግሊሰሪን። ትንሿ ቬፕ እኩል በእኩል የተቀላቀለውን ትወዳለች፤ የኮይሏ ቀዳዳዎች ጠባብ ስለሆኑ ወፍራሙ ቶሎ አይደርስላትም። የትልቁ ኮይል ቀዳዳዎች ሰፋፊ ናቸው፤ 70 በመቶ ግሊሰሪን ይፈልጋል። ቀጭኑን ብትሞሉበት በቀዳዳው ሾልኮ በአየር መግቢያው ይንጠባጠባል። በተቃራኒው ወፍራሙን በትንሿ ብትሞሉ ጥጡ ይደርቅና ይቃጠላል። «አዲሱ ታንክ ያፈሳል» ተብሎ ወደ ሱቅ የሚመለሰው ዕቃ ብዙ ጊዜ ችግሩ ይኸው ነው።

ከዚያ ኒኮቲኑ። ትንሿ በቀን 2 ሚሊ ሊትር ትጨርስ ይሆናል፤ በ20 ሚሊ ግራም 40 ሚሊ ግራም ኒኮቲን አለፈ ማለት ነው። ትልቁ በቀን 8 ሚሊ ሊትር በቀላሉ ይበላል። ያንኑ ባለ 20 ብትሞሉበት 160 ነው። በ6 ሚሊ ግራም 48፣ በ3 ሚሊ ግራም ደግሞ 24 ይሆናል። ይህ ሁሉ ሰውነት ውስጥ ይገባል ማለት አይደለም፤ ግን ልዩነቱን ያሳያል። ስለዚህ ለባለ 60 ዋት በላይ ከ3 እስከ 6፣ ለመካከለኛው እንደ ኮይሉ ከ6 እስከ 12። የኒኮቲን ሶልት የሚባለው፣ ኒኮቲኑ በጨው መልክ ያለበት ፈሳሽ፣ ጉሮሮ ስለማይከረክር ብዙ መግባቱ አይታወቅም፤ በትልቅ ታንክ ባለ 20ውን ሶልት መሙላት ከሁሉም የከፋው ነው። አሜሪካ ውስጥ «5 በመቶ» ተብሎ የሚሸጠው ደግሞ 50 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር ማለት ነው፤ እሱ ለትንሿ ፖድ ብቻ ነው።

እንግሊዝና የአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ኒኮቲን ያለው ፈሳሽ በ10 ሚሊ ሊትር ጠርሙስና እስከ 20 ሚሊ ግራም ብቻ ነው የሚሸጠው፤ ታንኩም ከ2 ሚሊ ሊትር አይበልጥም። ትልቅ መሣሪያ ያለው ሰው ለዚህ ሲባል ሾርትፊል ይገዛል፦ በ60 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ ኒኮቲን የሌለው 50 ሚሊ ሊትር። ባለ 18 ሚሊ ግራም አንዷን የ10 ሚሊ ሊትር ኒኮቲን ጠርሙስ ትጨምሩበትና በደንብ ትነቀንቁታላችሁ፤ 18 በ10 ተባዝቶ ለ60 ሲካፈል 3 ሚሊ ግራም ይወጣል። ስትቀላቅሉ ጓንት አድርጉ፤ ቆዳ ላይ ከፈሰሰ ቶሎ ታጠቡ። ሕፃን ያለበት ቤት ፈሳሹ የሚቀመጠው እንደ መድኃኒት ተቆልፎ ነው፤ ጥቂቱም ለልጅ መርዝ ነው።

ኪሳችሁንም አስቡበት። በቀን 2 ሚሊ ሊትር ለሚያጨስ ሰው 60 ሚሊ ሊትር አንድ ወር ያቆየዋል፤ በቀን 8 ለሚያጨሰው ግን ከሳምንት ብዙም አያልፍለትም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1 ቀን 2026 ጀምሮ በየ10 ሚሊ ሊትሩ 2.20 ፓውንድ ቀረጥ እንዲጣል ወስናለች፤ ያኔ የመጀመሪያው ተጎጂ ባለ ትልቅ ታንኩ ነው።

ኮይል አገባብ

የኮይሉን ጎን ስታዩ እንዲህ የሚል ታገኛላችሁ፦ 0.2 ኦም፣ 60–80 ዋት። ይህ ምክር ሳይሆን ወሰን ነው። ከ60 በታች ፈሳሹ በደንብ ሳይተን ይቀርና ይንቦጫረቃል፤ ከ80 በላይ ጥጡ ከሚጠጣው በላይ ይተናል።

ነገሩ የኩራዝ ክር ነው፤ ጋዝ ሲያልቅ ክሩ ራሱ መንደድ ይጀምራል። የኮይሉም ጥጥ ፈሳሽ እስካለው አይቃጠልም፤ አንዴ ደርቆ ከተቃጠለ ግን በምንም አይመለስም፣ ይጣላል።

ስለዚህ አዲሱን ኮይል ከመግጠማችሁ በፊት በጎኑ ጥጥ በሚታይባቸው ቀዳዳዎች ላይ ሁለት ሁለት ጠብታ፣ ከላይ በመሐሉ ደግሞ ሦስት ጠብታ አድርጉ። ጥጡ ከነጭነት ወደ ረጠበ ቀለም ሲለወጥ ይታያል። ከዚህ በላይ አታጥለቅልቁት። ኮይሉን በጣት ብቻ አጥብቁ፤ በፒንሳ ከተጠበቀ ሲፈታ ጥርሱ ይላጫል። የአየር ቀለበቱን ዝጉ፣ በመሐለኛው ቱቦ ሳይሆን በጎን በኩል ሙሉ፣ ክዳኑን ግጠሙ፣ ቀለበቱን መልሳችሁ ክፈቱ። ከዚያ 10 ደቂቃ አቁሙት። ቁልፉን ሳትጫኑ ሁለት ሦስቴ ሳቡ፤ ይህ ፈሳሹን ወደ ጥጡ ይጎትታል። ኮይሉ እስኪለማመድ ብቻ ከወሰኑ ዝቅ ብላችሁ በ50 ዋት ጀምሩና ከአሥር ያህል ስበት በኋላ 5 ዋት፣ 5 ዋት እያላችሁ ከፍ አድርጉ። አብዛኛው ሰው ከ65 እስከ 70 ላይ ይቆማል፤ 80 ላይ የሚቆይ ኮይል ዕድሜው አጭር ነው።

የሚበላሸው ነገር ብዙ ጊዜ ከእነዚህ አንዱ ነው። የተቃጠለ ጣዕም መጥቶ ዋቱን ስትቀንሱ የሚጠፋ ከሆነ ፈሳሹ ለጥጡ አልደረሰለትም፤ በስበትና በስበት መካከል ትንሽ ታገሱ። ከቀነሳችሁም በኋላ ከቀጠለ ኮይሉ ሞቷል። ትኩስ ጠብታ ምላስ ላይ የሚረጭ ከሆነ ኮይሉ በፈሳሽ ተጥለቅልቋል፤ ታንኩን ፈትታችሁ መሐለኛውን ቱቦ በሶፍት አድርቁ፣ በአጭሩ ደጋግማችሁ መሳብንም ተዉ። ከታች የሚያፈስ ከሆነ ፈሳሹ ቀጭን ነው፣ ወይም የጎማ ቀለበቱ ተጣሟል፣ ወይም ኮይሉ በደንብ አልጠበቀም። ስክሪኑ «ኖ አቶማይዘር» ሲል ታንኩ ከመሣሪያው ጋር የሚነካካበት መሐለኛው ፒን ላይ ፈሳሽ ገብቶ መሣሪያው ታንኩን አላየውም ማለት ነው፤ የጆሮ ጥጥ አልኮል ነክራችሁ ጥረጉት። «አቶማይዘር ሾርት» ካለ ያንን ኮይል እንደገና አትሞክሩት። ባትሪው ሙሉ መሆኑ እየታየ «ቼክ ባትሪ» የሚል ከሆነ ባትሪው አርጅቶ ጭነት ሲበዛበት ቮልቱ እየወረደ ነው።

የተቃጠለው ጣዕም የምላስ ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ ተመራማሪዎች አንድን መሣሪያ በ3.3 ቮልት ሲፈትሹት ፎርማልዴሃይድ የሚለቅ ውህድ አላገኙም፤ በ5 ቮልት ግን ብዙ አገኙ። ሌሎች ደግሞ ያ መጠን የተገኘው ማንም ሰው ሊስበው በማይችል ደረቅና በተቃጠለ ሁኔታ ነው ብለው ተከራክረዋል። ክርክሩ ምንም ይሁን፣ ለተጠቃሚው የሚሰጠው መመሪያ አንድ ነው፦ መረረ፣ ከረከረ ማለት ቁልፉን ልቀቁ ማለት ነው። «ትንሽ ቢስቡት ይለቃል» የሚለውን አትስሙ።

ባትሪው

ባለ አንድና ባለ ሁለት ባትሪ መሣሪያዎች ላይ የሚገባው 18650 ይባላል፤ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት። ትልልቆቹ 21700 ናቸው። ሲገዛ ሁለት ቁጥር ይታያል፦ ምን ያህል እንደሚቆይ የሚናገረው ሚሊ አምፒር ሰዓትና፣ ሳይሞቅ በተከታታይ የሚሰጠው አምፒር። ሰው የመጀመሪያውን ያያል፤ ዋናው ግን ሁለተኛው ነው። ሳምሰንግ 25አር 2,500 ሚሊ አምፒር ሰዓትና 20 አምፒር ነው። 18650 ላይ 9,900 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ፎርጅድ ነው፤ ዛሬ ገበያ ላይ በብዛት ያሉት ጥሩዎቹ ከ3,600 ብዙም አይርቁም። ባትሪ ከታወቀ የባትሪ ሻጭ እንጂ ከየትኛውም ኦንላይን ሱቅ አይገዛም።

ስሌቱን ራሳችሁ ሥሩት። ባትሪው ሊያልቅ ሲል ቮልቱ ወደ 3.2 ይወርዳል፤ መሣሪያው ራሱም ጥቂት ያባክናል። ስለዚህ ዋቱን ለ3.2፣ ውጤቱን ደግሞ ለ0.9 አካፍሉ። 80 ዋት በአንድ ባትሪ ሲሠራ ወደ 28 አምፒር ይጠይቃል። በሁለት ባትሪ ለእያንዳንዱ 40 ዋት ስለሚደርስ 14 አምፒር ይሆናል። በግልባጩ፣ አንድ ባለ 20 አምፒር ባትሪ የሚችለው እስከ 57 ዋት ድረስ ነው። አንድ 18650 ብቻ እየያዘ «100 ዋት» ብሎ የሚጽፍ መሣሪያ ቁጥሩን ለማስታወቂያ ነው የጻፈው።

አሁን አንዱን ባትሪ አንስታችሁ ፖዘቲቩን ጫፍ ተመልከቱ። ከላይ ትንሽ ጉብታ፣ ዙሪያውን ነጭ የወረቀት ወይም የፕላስቲክ ቀለበት፣ ከዚያ ቀጭኑ ባለ ቀለም ልባስ። ብዙ ሰው ነጋቲቭ የሚባለው የታችኛው ጠፍጣፋ ብቻ ይመስለዋል። አይደለም፤ የብረቱ ቆርቆሮ በሙሉ እስከ ላይኛው ትከሻ ድረስ ነጋቲቭ ነው። ጉብታውንና ያንን ትከሻ የሚለያቸው ያ ቀለበትና ያ ስስ ልባስ ናቸው። ልባሱ ትከሻው ላይ የጥፍር ያህል ቢቀደድና የመሣሪያው ብረት ሁለቱን ቢነካ ሾርት ያደርጋል። ልባሱ የተጫረ ባትሪ እስኪታደስ አይገባም፤ አዲስ ልባስ ርካሽ ነው፣ ቀለበቱን አስተካክሎ አልብሶ በፀጉር ማድረቂያ ሲሞቅ ይጣበቃል። ብዙ የቬፕ ሱቆችም ይሠሩታል። ራሱ ቆርቆሮው ከተጎረበጠ ግን ባትሪው አለቀለት።

ባለ ሁለት ባትሪ ከሆነ ሁለቱን በአንድ ቀን፣ አንድ ዓይነት ግዙ፤ ልባሳቸው ላይ በማርከር ምልክት አድርጉና ሁልጊዜ አብረው ይግቡ፣ አብረው ይሞሉ። አንዱ አሮጌ አንዱ አዲስ ሲሆን ደካማው ከመጠን በላይ ይወርድና ይሞቃል። ለብቻው በሚሞላ ቻርጀር በ1 አምፒር አካባቢ ሙሉ፤ 4.2 ቮልት ላይ ራሱ የሚያቆም መሆን አለበት። ተኝታችሁ አትሙሉ። ኪስ ውስጥ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር የተቀመጠ ባትሪ ጭን አቃጥሏል፤ የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር፣ ኤፍዲኤም ደጋግሞ የሚያስጠነቅቀው ይህንን ነው። የፕላስቲክ ማስቀመጫው ከአንድ ቡና ዋጋ አይበልጥም፤ አለመግዛት ምንም ምክንያት የለውም።

ስክሪኑ ላይ ቲሲ ወይም ቴምፕ የሚል ካያችሁ ለጊዜው እለፉት። የሙቀት መቆጣጠሪያ የሚሠራው በስቴንለስ፣ በኒኬል ወይም በቲታኒየም ኮይል ነው፤ የተለመደው ካንታል የሚባለው ሽቦ ሲሞቅ ኦሙ ስለማይለዋወጥ መሣሪያው ሙቀቱን ማወቅ አይችልም። ዋት ላይ አድርጉና ተጠቀሙ።

አንድ ነገር ሳይነሳ እንዳይቀር፦ እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሳንባቸው ተጎድቶ ሆስፒታል ሲገቡ፣ እስከ ፌብሩዋሪ 2020 ድረስ 68 ሰዎች ሞተዋል። ዋነኛ ተጠርጣሪ ሆኖ የተገኘው ከመንገድ በሚገዛ የካናቢስ ካርትሪጅ ውስጥ የተጨመረው ቫይታሚን ኢ አሲቴት ነው። አዲሱ መሣሪያችሁ የማንንም ካርትሪጅ ይቀበል ይሆናል፤ እናንተ ግን ምንጩ የማይታወቅ ፈሳሽ አትቀበሉ።

ጉዞ

በአውሮፕላን ቬፕና ትርፍ ባትሪ የሚገባው በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው፤ ወደ ጭነት ክፍል በሚገባው ሻንጣ አይፈቀድም። ባትሪውን ከመሣሪያው አውጥታችሁ በማስቀመጫው ያዙ። ታንኩን ባዶ አድርጉት፤ ከፍታ ላይ የካቢኑ ግፊት ሲቀንስ በታንኩ ውስጥ የቀረው አየር እየሰፋ ፈሳሹን በኮይሉ በኩል ይገፋዋል። ፈሳሹ እስከ 100 ሚሊ ሊትር በሆነ ጠርሙስ ከሌሎች ፈሳሾች ጋር በግልጽ ከረጢት ይገባል።

የየአገሩን ሕግ ከመነሳታችሁ በፊት እዩ። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ2019 ሽያጩን ፈቅደዋል፤ ጎረቤቷ ኳታር ግን ትከለክላለች። አዲስ አበባ ለሠርግ ወይም ለበዓል የሚሄድ ሰው የአዋጁን ክልከላ ያውቅ፤ ፈሳሽና ኮይል የሚገዛበት ሕጋዊ ሱቅ የለም፣ ለዘመድ ብሎ ትርፍ መሣሪያ መያዝም በቦሌ ሊያስጠይቅ ይችላል። ብዙ ሳምንት የሚቆይ ሰው ከጉዞው በፊት ሐኪሙን ወይም ፋርማሲስቱን ስለ ኒኮቲን ፓችና ማስቲካ ያናግር፤ የሚበቃውንም መጠን ከነማዘዣው ይያዝ። ያ ከሌለ በሁለተኛው ቀን ከኪዮስክ ሲጋራ በፍሬ መግዛት ይጀመራል።